አዋሽ ከአዲስ አበባ በታች

አዋሽ ባሕር አይገባም። ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ በኮቃ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በአሚባራና በአሳይታ በኩል አድርጎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ ካለው አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ዓባይ የሰጡትን አፈርና ቆሻሻ ይዞ ድንበር ይሻገራል፤ ባሮም እንዲሁ። አዋሽ ግን ከቤት አይወጣም። የጣልንበት ነገር ገሚሱ ግድብ ሥር ይተኛል፣ ገሚሱ በመስኖ ቦይ ማሳ ላይ ይበተናል፣ የተረፈውን ሰውና ከብት ይጠጡታል። ስለ ተፋሰሱ የውሃ ጥራት በተወራ ቁጥር ይህ መቅደም ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነሳም።

አገሪቱ ደግሞ ትልልቅ ከተሞቿንም ፋብሪካዎቿንም በብዛት የተከለችው በዚሁ ተፋሰስ ላይ ነው። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ባቡሩም አስፋልቱም ወደ ጅቡቲ የወረዱት በዚህ በኩል ነው፤ ፋብሪካው የመንገዱን ዳር ያዘ፣ ሠራተኛው የፋብሪካውን ዳር ያዘ። አዲስ አበባ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ በአንድ መስመር ተደርድረው፣ በመካከላቸው የነበረው የጤፍ ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው አገኘ፤ የዛሬ ግምቶች 4 ሚሊዮን አካባቢና ከዚያ በላይ ያደርሱታል። የቦሌ ለሚና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ የዱከሙ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፣ የአዳማው ፓርክ፣ ከእነዚህ ሁሉ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ መጨረሻው አዋሽ ነው።

ብክለት ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሁለት ወገን ነው፤ ወደ ፋብሪካና ወደ ወንዝ ዳር ነዋሪ። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያልዘረጋችውን የፍሳሽ መስመር ሥራ ሲሠሩላት የኖሩት ወንዞቿ ናቸው፤ ያልገነባችውን የማጣሪያ ጣቢያ ሥራ ደግሞ አባ ሳሙኤልና ኮቃ፣ ሁለቱ ግድቦች፣ ማንም ሳይቀጥራቸው ሲሠሩላት ኖረዋል። የከተማዋ ቆሻሻ እዚያ እየዘቀጠ፣ ፀሐይና ጊዜ የቻሉትን ያህል እያጠሩት ወደ ታች ወረደ። ሁለቱም ግድቦች ለመብራት እንጂ ለዚህ አልተሠሩም። አሁን ደግሞ ጠግበዋል።

የውሃውን መንገድ ልከተል። አቃቂ ሁለት ነው። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ከገፈርሳና ከእንጦጦ ሥር ተነስቶ ኮልፌን፣ የመርካቶን ጀርባ፣ መካኒሳንና ላፍቶን እያቋረጠ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ ነው፤ ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡም መጨረሻቸው ወደ እሱ ነው። ሁለቱ ከከተማዋ በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውሃ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ኮቃ ይገባል። የቆዳ ፋብሪካዎቹን አልፎ የሚመጣው የሞጆ ወንዝም የሚገባው ኮቃ ነው። እንግዲህ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ሞጆ ድረስ የሚታጠበው፣ የሚነከረውና የሚደፋው ሁሉ የሚጠራቀምበት ቦታ አንድ ነው ማለት ነው።

እንጦጦ ላይ ምንጩ ጥሩ ነው፤ ሰው ጠበል ይጠጣበታል፣ ልብስ ያጥብበታል። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወርዶ መሐል ከተማ ሲደርስ ግን ውሃው ጠቁሯል፤ በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን የሰው ዓይነ ምድርና የምግብ ትራፊ በሚያበሰብሱት ተሕዋስያን አልቋልና ዓሣም እንቁራሪትም አይኖርበትም። የሚሸተው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ኦክስጅን ሲያልቅ የሚፈጠረው የሰልፋይድ ጋዝ ነው። በበጋ ወራት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ከምንጭ የሚመጣው ውሃ ቀጭን ነው፤ በየድልድዩ ሥር ስናልፍ የምናየው ፍሰት በአብዛኛው ከቧንቧ ወጥቶ፣ በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት አልፎ የመጣ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይታሰብ ነገር አለ። ከተማዋ አዲስ የውሃ ግድብ ወይም ጉድጓድ ባስመረቀች ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፤ ለገዳዲ፣ ድሬ፣ ከዚያም የአቃቂ ጉድጓዶች፣ እያንዳንዳቸው ዜና ነበሩ። ወደ ቤት የገባ ውሃ ግን ከቤት መውጣቱ አይቀርም። የፍሳሽ መስመር ሳይከተለው የመጣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪዩቢክ ሜትር የመጠጥ ውሃ ለወንዙ ተጨማሪ ኪዩቢክ ሜትር እጣቢ ነው። የአዲስ አበባ የማምረት አቅም በቀን ከግማሽ ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር አልፏል። በየመንገዱ ከተሰነጠቀ ቧንቧ የሚባክነውን ትተን ግማሹ ብቻ ወደ ፍሳሽ ይለወጣል ብንል በቀን ሩብ ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ነው። የቃሊቲው ትልቁ ማጣሪያ ጣቢያ፣ በዓለም ባንክ ብድር ታድሶና ተስፋፍቶ፣ የሚችለው በቀን 100 ሺሕ ነው። በምሥራቅ በኩልም፣ በኮንዶሚኒየሞቹም አነስ ያሉ ጣቢያዎች አሉ። ደግሞም ጣቢያው ቢኖር ፍሳሹ እስከ ጣቢያው የሚደርስበት መስመር ያስፈልጋል፤ መስመሩ ቢኖርም እያንዳንዱ ቤት ከመስመሩ ጋር መገናኘት አለበት። የከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው እስካሁን የሚጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው።

አንድ የቀበሌ ግቢ እንውሰድ። አሥር አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት። ጉድጓዱ ሲሞላ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ይጠራል፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ገንዘቡ ከአሥሩ ቤት ይዋጣል፣ አንዱ የለኝም ይላል። መኪናው ቢመጣም በጠባቡ መተላለፊያ አይገባም፤ ቱቦው ቢቀጣጠልም አይደርስም። ከዚያ ክረምት ይጠበቃል። ሐምሌ ላይ ዶፉ ሲወርድ በታችኛው ግድግዳ በኩል የተደፈነችው ቀዳዳ ትከፈታለች፣ ጎርፉ ይወስደዋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ የሚያደርገው ስለሌለ ነው። ቪላ ቤቶችም ቢሆኑ ብዙ አይሻሉም። ሴፕቲክ ታንካቸው የሚተርፈውን በጓሮ በኩል ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲለቅ አድርገው ያሠሩ ሞልተዋል፤ የግንበኛው ምክር ነው፣ የማስመጠጫ ወጪ ይቀንሳል። ምናልባት ከድሃው ጎረቤታቸው የሚለያቸው ቱቦው ከመሬት በታች መሆኑ ብቻ ይሆናል።

ክረምቱ ለፋብሪካም ሽፋን ነው። በአቃቂና በሞጆ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ወንዙ ሌሊት ሌሊት ቀለሙን እንደሚቀይር፣ ዝናብ በጣለ ማግስት አረፋ ተሸክሞ እንደሚመጣ ይነግራችኋል። የተቆጣጣሪ መኪና ግን የሚመጣው በሥራ ሰዓት ነው።

ከመካኒሳ ወደ ታች እስከ አቃቂ ድረስ በወንዙ ግራና ቀኝ የአትክልት ማሳ አለ። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ይበቅልበታል። ውሃው በሞተር ተስቦ ወደ ትልሙ ይለቀቃል፤ ካሮቱ ሲነቀል ጭቃው የሚታጠበው እዚያው ወንዙ ውስጥ ነው፣ በባዶ እግር፣ በጆንያ ላይ እየታሸ፤ ንጋት ላይ አትክልት ተራ ይደርሳል። ይህ ምርት ለአሥርተ ዓመታት አዲስ አበባን መግቧል። የሰላጣው ጉዳይ ሁለት መልክ አለው። አሜባና የሆድ ትል፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው የዓይነ ምድር ባክቴሪያ፣ እነዚህ ቅጠሉ ላይ ያሉ ናቸው፤ በደንብ ማጠብና ማብሰል ይረዳል። ክሮሚየም፣ ሊድና ካድሚየም ግን አፈሩ ውስጥ ተጠራቅመው በሥር በኩል ወደ ቅጠሉ ይገባሉ፤ ሎሚም ኮምጣጤም አያወጣቸውም።

አልፎ አልፎ ጉዳዩ ዜና ሲሆን የሚወቀሰው አትክልተኛው ነው፤ ማሳው ይታገድ፣ ምርቱ ይወገድ ይባላል። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ የሚባለው ለዚህ ነው። በተረቱ ጅቡ ከላይ ቆሞ እየጠጣ፣ ከታች ያለችውን አህያ ውሃ አደፈረስሽብኝ ይላታል። አትክልተኛው ከታች ነው። ውሃውን አላቆሸሸውም፣ ቆሽሾ ደረሰው። የመሬቱ ለምነትም ቢሆን አንዱ ምንጩ ያው የከተማው ፍሳሽ መሆኑ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል፤ ገበሬው ለማዳበሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል፣ እኛም ርካሽ ቆስጣ እንገዛለን።

የወንዝ ዳር ልማቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በ56 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በ29 ቢሊዮን ብር ወጪ የታቀደ ነበር፤ በሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የገበታ ለሸገር እራትም ብዙ ተወርቶለታል። መናፈሻዎቹ ተሠርተዋል፣ ሰው ይዝናናባቸዋል፣ ለጎርፍ የተጋለጠ ዳርቻ በድንጋይ ታስሯል። ይህ ከንቱ ሥራ አይደለም። ከወንዝ ዳር የተነሱት ሰዎች የት ገቡ የሚለው ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የወንዝ ዳርቻን ማሳመር በሁለት ዓመት ይታያል፤ ወንዙን ማጥራት ግን መሬት ውስጥ በሚቀበር ቱቦ፣ በየቤቱ በሚደረግ ቅጥያና በየወሩ በሚከፈል የማጣሪያ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ፎቶ የማይነሳ ሥራ ነው። በኋላ በመጣው የኮሪደር ልማት ከመንገዱ ሥር የፍሳሽ መስመርም መቀበሩ በእኔ ዓይን ከላይ ከበቀለው አበባ ሁሉ ይበልጣል። ከተማዋ በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ብክለትን የሚቀጣ ደንብ አውጥታ መቅጣት መጀመሯም እንዲሁ መልካም ነው። ቅጣት ግን የሚሠራው ሌላ መንገድ ላለው ሰው ነው። መስመሩ ያልደረሰውን ግቢ ብትቀጣው የምታገኘው ገንዘብ እንጂ ንጹሕ ውሃ አይደለም።

ተፋሰሱ ደግሞ የከተማዋን ወሰን አያውቅም። ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሰበታ በአንድ ላይ ሸገር ከተማ ተብለው በኦሮሚያ ክልል ሥር ተዋቅረዋል። ገፈርሳ ቡራዩ አጠገብ ነው፤ ለገዳዲ ከለገጣፎ ትንሽ አለፍ ብሎ። አዲስ አበባ ከእነዚህ ግድቦች ትጠጣለች፤ በግድቦቹ ዙሪያ ያለውን መሬት ግን አታስተዳድርም። በአንፃሩ አቃቂ ቆሻሻውን ይዞ ሲወጣ የሚገባው ወደ ኦሮሚያ ገበሬ ማሳ ነው፤ የከተማው አስተዳደር የገበሬውን ድምፅ አይሰማም፣ የምርጫ ድምፁንም አይፈልገውም። ሁለቱ አስተዳደሮች ስለ ወሰን ለዓመታት ተከራክረዋል። ስለ ፍሳሽ ግን እንደዚያ ሲከራከሩ አልሰማሁም። ከገፈርሳና ከለገዳዲ በላይ ያለው መሬት በአሁኑ ፍጥነት ቤት መሆኑን ከቀጠለ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከትንሹ አቃቂ ዕጣ የሚለየው ጥቂት አሥርተ ዓመታት ብቻ ነው የሚሆነው።

የሞጆ ነገር በሌላ መንገድ የመጣ ነው፤ በፖሊሲ። ኢትዮጵያ በከብት ሀብቷ እየተኩራራች ለረጅም ዘመን ጥሬና ከፊል ያለቀለት ቆዳ ስትልክ ኖረች። በ2000 ዓ.ም. ግድም መንግሥት በዚያ ላይ 150 በመቶ የወጪ ግብር ጣለ፤ ጥቂት ቆይቶም ይበልጥ ያለቀለት ቆዳ እንዲላክ ገፋ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዋጋው እዚህ ይጨመር፣ ሥራው እዚህ ይፈጠር የሚል። ሆኖም ዋጋ የሚጨመርበት ደረጃ ኬሚካልም የሚጨመርበት ነው። ፀጉሩን ለማውለቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ለማልፋት የክሮሚየም ጨው፣ ከዚያ ቀለምና ቅባት ይገባል። ጣሊያን አገር ይደረግ የነበረው የማልፋትና የማቅለም ሥራ ወደ ሞጆ ሲመጣ፣ ጣሊያን አገር ይደረግ የነበረው የማጣራት ወጪ አብሮ አልመጣም። ፋብሪካው የራሱን ማጣሪያ ይሠራል ተባለ፤ የሠሩት አሉ። ይሁንና ማጣሪያ ቦታ፣ ኬሚካል፣ መብራትና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ብድር የከበደውና የውጭ ምንዛሪ ያጠረው ፋብሪካ መጀመሪያ የሚያጠፋው መብራት የትኛውን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ሁሉንም ፋብሪካ በአንድ ሰፈር ሰብስቦ ማጣሪያውን የጋራ ማድረግ፣ የሞጆ ቆዳ ከተማ የሚባለው ዕቅድ፣ ለዚህ ችግር ካሉት መልሶች የተሻለው ነው። ለዓመታት ሲወራበት ኖሯል።

ስለ ክሮሚየም አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ ብዙ ዘገባ ይደባልቀዋል። ለማልፋት የሚገባው ሦስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ነው፤ ጭቃ ውስጥ የመተኛት ጠባይ አለው፣ መርዛማነቱም ዝቅ ያለ ነው። ካንሰር ያመጣል የሚባለው ስድስት ቫለንስ ያለው ነው። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚለወጥበት ሁኔታ አለ፤ ለምሳሌ ዝቃጩ ተቃጥሎ እንደሆነ። ስለዚህ ጭንቀቱ ያለው ውሃው ላይ ብቻ ሳይሆን ግድቡ ሥር በተከማቸው ጭቃና ማጣሪያው በሚያወጣው ዝቃጭ ላይ ነው። ስለ ዝቃጩ መድረሻ ግን ብዙም ሲጠየቅ አይሰማም።

ወደ ግድቦቹ ልምጣ። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ቆይቶ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 በ6.6 ሜጋ ዋት አቅም ተመለሰ። የአዲስ አበባ ሰው ለሽርሽር የሚሄድበት ሐይቅ የነበረበት ዘመን ነበር። ዛሬ በደለል ጎድሏል፤ በቆመበት ቦታ ደግሞ አረም ይሸፍነዋል። ኮቃ የተሠራው በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በ43 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። የውሃ አረሙ እምቦጭ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በጣና አይደለም፤ በኮቃና በአዋሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965። ጣና ላይ ሲታይ አገር ተነሳ፤ ኮቃ ግን ከዚያ በፊት ከአርባ ዓመት በላይ ከእሱ ጋር ኖሯል። በኮቃ ዘመቻ ያልተደረገው፣ እገምታለሁ፣ ኮቃ ገዳምም ታሪክም የሌለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስለሆነ ነው።

ከእምቦጩ የሚብሰው አረንጓዴው ነው። ከአቃቂ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ ከማሳው የሚታጠበው ዩሪያ ሲታከልበት፣ ፀሐይ በሞላበት በቆመ ውሃ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ያፈላዋል። ውሃው እንደ ተቀባ ቀለም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 አልጀዚራ በሠራው ዘጋቢ ፊልም የብዙ ሰው ዓይን ያረፈበት ይኸው ነበር። ይህ አልጌ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። አደገኛነቱ ያለው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ለገጠር እናቶች የምንሰጠውን ምክር ሁሉ ያከሽፈዋል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ እንላለን። መፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የአልጌውን መርዝ ግን አያጠፋውም። አልጌው በእሳት ወይም በክሎሪን ሲፈነዳ ውስጡ ያለው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ክሎሪኑ በበቂ መጠንና ጊዜ ካልተሰጠው ደግሞ እዚያው ይቀራል። ክሮሚየሙም ሲፈላ አይተንም፤ ውሃው ስለሚቀንስ እንዲያውም ይጠናል።

ከኮቃ ጥቂት ወረድ ብሎ ወንጂ አለ፤ የተፋሰሱ ችግር ቋጠሮ የሚታየው እዚህ ይመስለኛል። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር ለሠራተኞቹ መንደር ጉድጓድ ቆፈረ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበሩ። ልጆች በበለዘ ጥርስ አደጉ። ለአሥርተ ዓመታት የጠጡት ሸንኮራ ቆራጮች ደግሞ አከርካሪያቸው ደርቆ፣ ጎብጠው፣ አንገታቸውን ማዞር ተሳናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሰፊው አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ፍሎራይዱን በአጥንት ከሰልና በአልሙኒየም ሰልፌት ለማውጣት ተሞክሯል፤ ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ግን አጠገብ የሚፈሰው አዋሽ ነበር። የወንዙ ፍሎራይድ ከጉድጓዱ በብዙ ያንሳል። አዳማም በተመሳሳይ ምክንያት ፊቷን ወደ አዋሽ አዙራ የመጠጥ ውሃዋን ከኮቃ በታች ወስዳ እያጣራች ታጠጣለች።

እንግዲህ አዋሽ ሲበከል የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ያጣው ወንዝ ብቻ አይደለም፤ ከመርዛም ጉድጓድ ማምለጫውን ነው። ከመሬት በታች ያለው ፍሎራይድ የተፈጥሮ ነው፣ የሚወቀስ ሰው የለውም፤ በወንዙ ግን መዳን ይቻል ነበር። ደጋ ላይ አንዱ ምንጭ ቢበላሽ ሌላ ይፈለጋል። ወንጂና አዳማ ላይ ሌላ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልበል። መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ አለ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መንገድና እርሻ ውጧል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ እንዳይጥለቀለቅ በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቅለታል። ከአሚባራ ወዲያ ያለው የአፋር አርብቶ አደር ከላይ የወረደውን ሁሉ፣ ጨውም ተጨምሮበት፣ ከነግመሉ ይጠጣዋል። በጥጥ እርሻዎቹ ጨው አብቦባቸው የተተዉ መሬቶች አሉ።

ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ደንግጓል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ነባር ፋብሪካዎች እስኪያስተካክሉ 5 ዓመት ሰጠ፤ ጊዜው ካለፈ ቆየ። አፓፕ የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ደግሞ የአቃቂና የሞጆ ወንዞችን ብክለት ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን እስከ ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2006። ክሱ ሳይሳካ ቀረ። ፍርድ ቤት በወንዝ ጉዳይ ቀድሞ የተጠየቀ ተቋም መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዛሬ በተለያየ ሁኔታ ቢሞከር ሌላ መልስ ሊገኝ ይችል ይሆናል።

የሰነፈው ሕጉ ሳይሆን ተቋሙ ነው፤ ስሙ አይረጋም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በንጉሡ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቁሞ በደርግ ዘመን ፈረሰ። የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን መጣ፤ ወደ ተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቃለለ፤ ያም ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። የአካባቢ ጥበቃውም ባለሥልጣን ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ኮሚሽን ሆነ፣ እንደገና ባለሥልጣን ሆነ። ታፔላ በተቀየረ ቁጥር የመለኪያ መዝገብ ካንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይጓዛል፤ የተጓዘ መዝገብ ደግሞ ምን እንደሚሆን መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ አቃቂና ስለ ኮቃ የተጻፉት ጥናቶች አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ናቸው፤ አንዱ በመጋቢት ይለካል፣ ሌላው በነሐሴ፣ ቦታቸውም አይገጥምም። ከእነሱ ወንዙ መቆሸሹን ማወቅ ይቻላል፤ ካምናው ተሻለ ወይስ ከፋ የሚለውን ግን አይመልሱም።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። ከአባ ሳሙኤል ግድብ መውጫ ላይና የሞጆ ወንዝ ኮቃ ከሚገባበት በላይ ሁለት ቋሚ መለኪያ ጣቢያዎች ይኑሩ። የሟሟ ኦክስጅን፣ አሞኒያ፣ ፎስፈረስና ክሮሚየም በየሳምንቱ ይለካ፣ በየወሩ ይታተም፣ ሌላ ማንም ሳይሆን ከታች ያለው ወገን ይመዝግበው፤ የአዳማ ውሃ አገልግሎት፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የአፋር ክልል። አባ ሳሙኤል የተመረጠው በዋዛ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው የከተማው ነው፣ ከዚያ በታች ያለው የሌላው ነው። ለመለኪያው የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ መናፈሻ የፏፏቴ ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም። ያን ጊዜ አዳማ ለአልሙኒየም ሰልፌትና ለክሎሪን ከምታወጣው ውስጥ ምን ያህሉ የተፈጥሮ ደለል፣ ምን ያህሉ የአዲስ አበባ ፍሳሽ እንደሆነ ማስላት ይቻላል፤ ሒሳቡም የሚላክበት አድራሻ ይኖረዋል።